ሁለት ክር፣ አንድ ቀፎ፦ ስለ ጋሽ ኢሳያስ ቶላ

ጋሽ ኢሳያስ ቶላ አረፉ። አሰላ በሚገኘው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን ሲጠርጉ እንዳሉ ነው ያለፉት። ልጃቸው ሰላማዊት አዳማ ድረስ ደውላ ነገረችኝ። ከዚያ ጥቁር ቀሚሴን ተኩሼ ወደ አሰላ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

በቀብሩ ላይ ሰው ሞልቶ ነበር። ዘመዶቻቸው ከበቆጂ ወርደዋል፤ አብረዋቸው የሠሩት ከሮቤ መጥተዋል፤ ያስተማሯቸው ልጆችም ዛሬ ራሳቸው ሸብተው እዚያው ቆመዋል። መዘምራኑ ከዘመሩ በኋላ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። መሐል ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር መጣ፦ «በሥራ ላይ በፈጸሙት ስህተት ምክንያት ወደ ሮቤ ተዛውረው በመጋዘን ሠራተኛነት አገልግለዋል።» አንባቢውን አልወቅሰውም፤ የተጻፈለትን ነው ያነበበው። ጽሑፉም ከመሥሪያ ቤት ማኅደራቸው የተገለበጠ ነው። ነገር ግን ጋሽ ኢሳያስ ያን ስህተት አልፈጸሙም። ማን እንደፈጸመው ከእሳቸው ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እሳቸውን ላወቃችሁ ሁሉ ነው፤ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝም እለምናለሁ።

ጋሽ ኢሳያስ በበቆጂ አካባቢ ከአንድ የወንጌል አማኞች ቤተሰብ ተወለዱ። አዲስ አበባ ሒሳብ ተምረው፣ ውጭ አገር ጥቂት ወራት ስለ ኮምፒውተር ሠልጥነው፣ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት አሰላ ወደነበረው መሥሪያ ቤታችን መጡ። ሥራችን በአርሲ ደጋ የተዘሩትን የሙከራ ስንዴዎች ውጤት ማጠናቀር ነበር። በየማሳው የተሰበሰበው ምርት ተመዝኖ ይመጣል፤ እኛ እናስገባለን፤ ኮምፒውተሩ ያሰላል፤ ከዚያ የትኛው ዘር ለየትኛው ወረዳ እንደሚሰጥ ዝርዝር ይወጣል። ኮምፒውተሩ አንድ ብቻ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ አቧራ እንዳይነካው በጥልፍ የአልጋ ልብስ ትሸፍነው ስለነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ታቦት የተቀመጠ ይመስለው ነበር።

እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ታይፕ ተምሬ፣ መረጃ አስገቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጋሽ ኢሳያስ አለቃዬ ነበሩ። ቢሮ ውስጥ ሳይቀር ቦቲ ጫማ ነበር የሚያደርጉት፤ ምክንያቱም ቁጥር አልጥም ሲላቸው ተነሥተው ማሳው ድረስ ይሄዱ ነበር። ገበሬ ሲገባ ከወንበራቸው ተነሥተው «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ያስቀድማሉ፤ ሚኒስትር ቢገባ ግን እንደዚያ በፍጥነት መነሣታቸውን እጠራጠራለሁ። «ቁጥሩን ያመጣልን እሱ ነው፤ እኛ ደማሪዎች ነን» ይሉ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት እኛን መረጃ አስገቢዎቹን ፕሮግራም መጻፍ ያስተምሩን ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እንዲያውም «ለታይፒስት ይህ ምን ያደርግላታል?» ብሎ ነበር። እሳቸው በቀጣዩ ቅዳሜ ቀደም ብለው መጡ። የሚያስተምሩን ባዶ የክብሪት ቀፎ ደርድረው ነው። እያንዳንዱ ቀፎ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ውስጡ የስንዴ ፍሬ አለ። ይህ የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ነው። ከቀፎው ጋር ደግሞ ክር ያስሩና ጫፉን ያስይዙናል። ያ ክር «ሲ» በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፖይንተር የሚሉት ነው፤ ፍሬውን ሳይሆን ፍሬው ያለበትን ቦታ ነው የሚይዘው። አንድ ቀን ለእኔ አንድ ክር፣ ለጓደኛዬም አንድ ክር ሰጡን። «ጥሩዬ፣ ከቀፎሽ ሁለት ፍሬ አውጪ» አሉኝ። አወጣሁ። ጓደኛዬን «ከአንቺ ቀፎ ስንት ፍሬ ጎደለ?» ሲሏት «ምንም፣ አልነካሁትም» አለች። ሁለታችንም ክራችንን ተከትለን ስንሄድ አንድ ቀፎ ላይ ተገናኘን። እሳቸው እንደ ልጅ ሳቁ። «ይህን እንዳትረሱ፤ አንድ ቀን ያሳብዳችኋል» አሉን።

እኔ ረሳሁት። ነገሩ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

የግንቦት ወር መጀመሪያ ነበር። ዘር የሚዘራው ሰኔ ሲገባ ስለሆነ ዝርዝሩ ከዚያ በፊት መውጣት አለበት። ፕሮግራሙ ግን ሰባት ሰዓት ይፈጃል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብንጀምረው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚያልቀው፤ የአሰላ መብራት ደግሞ በዚያ ሰሞን ስምንት ሰዓት ላይ ነበር የሚጠፋው። ለጄኔሬተሩ ናፍጣ የለም። አራት ቀን ጀመርን፣ አራት ቀን ከመጨረሻው አፋፍ ላይ ሁሉም ነገር ከዜሮ ሆነ። ኃላፊያችን አዲስ ማሽን ይገዛልን የሚል ደብዳቤ አጽፎ አርፎ ተቀመጠ። ጋሽ ኢሳያስ ግን ጫማቸውን አውልቀው ወለል ላይ ተቀመጡ።

ኮምፓይለር የሚባለው እኛ የጻፍነውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚያውቀው ትእዛዝ የሚቀይር ሌላ ፕሮግራም ነው። ጋሽ ኢሳያስ ኮምፓይለሩ የቀየረውን በሙሉ በወረቀት አሳትመው፣ ወረቀቱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዘርግተው፣ በካልሲያቸው እየተንፏቀቁ ሦስት ቀን አነበቡት። በሦስተኛው ቀን ከወለሉ ላይ ጠሩኝ።

«ጥሩዬ፣ ነይ እዪ። ይህ ኮምፓይለር አያምነንም።»

«ምናችንን ነው የማያምነው ጋሼ?»

«እዚህ ጋ አንድ ቁጥር ያነባል። ይደምርና ሌላ ቦታ ይጽፋል። ከዚያ ቅድም ያነበበውን ቁጥር እንደገና ሄዶ ያነበዋል! ያልተነካ ቁጥር! ለምን? ሁለቱ ክሮች አንድ ቀፎ ላይ ታስረው ቢሆንስ ብሎ ይፈራል። እኛ ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን እናውቃለን፤ እሱ ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የምንነግርበት ቃል በቋንቋው ውስጥ የለም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ቃሉን እንጨምርለታለን» አሉ፤ እንጀራ ላይ ወጥ እንጨምር እንደሚል ሰው።

ኮምፓይለሩ ትንሽ ነበር፤ እሱ ራሱ ከተጻፈበት ጽሑፍ ጋር በፍሎፒ ዲስክ የመጣልን ስለሆነ ልንነካው እንችል ነበር። አንዲት አዲስ ቃል ጨመሩበት። ፕሮግራም ጸሐፊው ያቺን ቃል ከፖይንተሩ ፊት ከጻፈ፣ «በዚህ ክር ወደማገኘው ቀፎ በሌላ ክር የሚመጣ የለም፤ እመነኝ» ማለቱ ነው። ኮምፓይለሩም አምኖ አንድ ጊዜ ያነበበውን በእጁ ይዞ ይቀጥላል። ለሥራው ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ፕሮግራሙ ከሰባት ሰዓት ወደ አራት ሰዓት ተኩል ወረደ። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ጨረስን ማለት ነው! ኃላፊያችን ሳይቀር አጨበጨበ።

ጋሽ ኢሳያስ በዚህ አላበቁም። «ይህ ችግር የአሰላ ብቻ አይደለም፤ በሲ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ችግር ነው» ብለው፣ ቃሉ በቋንቋው ውስጥ እንዲገባ ውጭ አገር ላሉ የቋንቋው ደንብ አዘጋጆች የሚላክ ሐሳብ አረቀቁ። እኔ በታይፕ መታሁት። ወደ ውጭ የሚላክ ወረቀት በመሥሪያ ቤታችን ካድሬ በኩል ማለፍ ስለነበረበት ወሰድንለት። ፖይንተር በሲ የሚጻፈው በኮከብ ምልክት ነውና ገጹ ኮከብ በኮከብ ነበር። ካድሬው መነጽሩን ገፋ አድርጎ፣ «ጓድ ኢሳያስ፣ እነዚህ ኮከቦች ምስጢራቸው ምንድን ነው?» አለ። ጋሽ ኢሳያስ ከኪሳቸው የክብሪት ቀፎዎቻቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ካድሬው በሁለት ክር መሐል ተጠላልፎ፣ ላቡ ጠብ እያለ፣ «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» እያለ ማኅተሙን መታልን። ለበላዮቹም «የሠራተኛው ፈጠራ» ብሎ ሪፖርት ጻፈ።

ረቂቁን ከመላካችንና የዘሩ ዝርዝር ከመውጣቱ በፊት፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ኢሳያስ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። የማሳዎቹን መዝገብ የማስገባው እኔ ነበርኩ። «ጥሩዬ፣ ሁለት ስም አንድ ማሳ ላይ የሚያርፍበት ቦታ በመዝገቡ ውስጥ አለ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። የእኅቴ ሠርግ በማግስቱ ነው፤ ፀጉሬን ልሠራ ቀጠሮ አለኝ፤ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንግቻለሁ። መዝገቡን ሳልከፍት «የለም ጋሼ» አልኳቸው። አመሰገኑኝና ሄዱ።

ነበረ። ያስገባሁትም እኔ ራሴ ነበርኩ። ከወራት በፊት በበቆጂ በኩል ያለ አንድ ማሳ በሁለት ስም ተመዝግቦ አግኝቼ ነበር። ድሮ መሬቱ የአንድ ባላባት ስለነበር በድሮ ወረቀት ላይ በባላባቱ ስም ይጠራል፤ ከመሬት አዋጁ በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ደግሞ «ቦሩ» ይሉታል። አርሲ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሳ ሞልቷል፤ ወረቀቱ በአንድ ስም ይጽፈዋል፣ ሰዉ በሌላ ስም ይጠራዋል። እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ሁለቱንም ስሞች ከአንድ ቀፎ ጋር አሰርኳቸው። ቀርፋፋው ፕሮግራም በየጊዜው ተመልሶ ስለሚያይ በዚህ አይሳሳትም ነበር። አዲሱ ግን «የተለያዩ ናቸው» ተብሎ ተነግሮታል። ፕሮግራሙ የአንዱን ማሳ ምርት ከጎረቤቱ ጋር እያነጻጸረ ሲያስተካክል፣ በአንዱ ስም የተለወጠውን ቁጥር በሌላው ስም እንዳልተለወጠ ቆጥሮ በአሮጌው ቁጥር አሰላ። ማሳው የራሱ ጎረቤት ሆነ። እዚያ የተዘራውም የስንዴ ዓይነት ለበቆጂ አንደኛ ሆኖ ወጣ።

ዝርዝሩ ወጣ፤ ተፈረመ፤ ተበተነ። የበቆጂ ዘር የሚጭኑ ሁለት የጭነት መኪኖች ግቢያችን ገብተው ጆንያ ሲጭኑ፣ ያን ማሳ የሚጠብቁት ኦቦ ገመቹ ለራሳቸው ጉዳይ መጡ። ጋሽ ኢሳያስ ዝርዝሩን በደስታ አነበቡላቸው። ኦቦ ገመቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ ስንዴ? ቦሩ ላይ ያለው? ዋግ እኮ ነው የበላው ጋሼ። ገለባ ብቻ ነው የቀረው። በሬም ንቆት አልፏል።»

ኃላፊያችን ሳቀና «ኮምፒውተሩ ከእርስዎ የበለጠ ያውቃል» አላቸው። ጋሽ ኢሳያስ አልሳቁም። ወዲያው ወደ ማሽኑ ሄደው፣ የማሳውን ቀፎ ከፍተው፣ ሁለቱን ስሞች አዩ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ፊቴን አይተው ሁሉንም ተረዱ። ወጥተው ወደ ግቢው ሄዱ።

ከመኪናው ፊት ቆመው «አውርዱ» አሉ። ጫኞቹ የሚቀልዱ መሰላቸው። «ይህ ዘር በቆጂ አይሄድም። አውርዱ!» ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ኃላፊያችን እየሮጠ መጣ፤ ዝርዝሩ ተፈርሟል፣ ሪፖርቱ ለበላይ ሄዷል፣ አሁን መመለስ አይቻልም አለ። ጋሽ ኢሳያስ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር አውርደው፣ በቀይ እስክሪብቶ «ተሰርዟል» ብለው ጽፈው፣ ከሥሩ ሙሉ ስማቸውን ፈረሙ። «ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የሚበላው ይህን ነው» አሉት። በቀጣዮቹ ሦስት ቀናት ቀርፋፋውን ፕሮግራም በየክፍሉ ቆራርጠው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር እስከዚያ የደረሱበትን በፍሎፒ እያስቀመጡ፣ ትክክለኛውን ዝርዝር አወጡ። ሰኔ ሳይገባ በቆጂ ትክክለኛው ዘር ደረሰ።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ያን ዘመን የኖራችሁ ሂስና ግለ ሂስ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ተቀመጠ። ማኅተሙን የመታልን ካድሬ ተነሣ፤ በፈጠራው ሪፖርት ተመስግኖ ስለነበር አሁን ያፈረው እሱ ነው።

«ጓድ ኢሳያስ፣ ይህ ስህተት ነው ወይስ አሻጥር?»

«ስህተት ነው።»

«የማን ስህተት?»

«ፕሮግራሙ ላይ ያቺን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማሽኑን እመነኝ ያልኩት እኔ ነኝ። እመነኝ ያለ ሰው ማጣራት አለበት። አላጣራሁም።»

«መረጃውን ያስገባው ሰው ማን ነው?»

«በሥሬ ያለ ሰው ነው። በሥሬ ያለ ሰው የሠራው የኔ ሥራ ነው። ጻፉት።»

እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። አልተነሣሁም። ጻፉት።

ስብሰባው ሲበተን ጠረጴዛቸው ድረስ ሄጄ «ጋሼ፣ እናገራለሁ» አልኳቸው። እርሳሳቸውን እየቀረጹ ነበር። ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «ወንድምሽ በፖለቲካ ታስሯል። በአንቺ ቤት ላይ ሲሆን አሻጥር ይሉታል፤ በእኔ ላይ ሲሆን ስህተት ይሉታል። እኔን ሮቤ ይልኩኛል። አንቺን የት እንደሚልኩሽ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ በሕይወት እስካለሁ ይህ ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ።» እንደ እምነታቸው መሐላ አይወዱም ነበር፤ ስለዚህ አላስማሉኝም። ቃል ግቢልኝ አሉኝ። ገባሁ።

ሮቤ የዘር መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲያስቆጥሩ እስከ ደርግ ውድቀት ቆዩ። ሊሄዱበት የነበረው የውጭ አገር ትምህርትም ቀረ። እዚያ ኮምፒውተር ቀርቶ ስልክ እንኳ አልነበረም። ታዲያ ሰውዬው አርፈው የሚቀመጡ መሰላችሁ? ሳይላክ የቀረውን ረቂቅ በእርሳስ እንደገና ጻፉት! አዲስ ክፍልም ጨመሩበት፤ ይህችን ቃል የሚጽፍ ሰው ፕሮግራሙን በመጀመሪያ በሙከራ እንዲያስኬድ፣ ኮምፓይለሩም በዚያ ጊዜ ክሮቹ አንድ ቀፎ ላይ ቢገናኙ ጮኾ እንዲያቆም። «ቃል ብቻ አይበቃም፤ ቃሉን የምንፈትንበት መንገድ አብሮ ካልተሰጠ ሌላውም እንደ እኔ ይወድቃል» ብለው ጽፈውልኛል። እኔ በምሳ ሰዓት በታይፕ መታሁትና ላኩት።

ከወራት በኋላ አጭር መልስ መጣ። ተመሳሳይ ሐሳብ ከሌሎችም ቀርቦ ብዙ እንዳከራከረ፣ ለጊዜው ግን ተቀባይነት እንዳላገኘ የሚገልጽ ነበር። ደብዳቤውን ይዤ ሮቤ ሄድኩ። እያለቀስኩ ሰጠኋቸው። አነበቡት፣ ገልብጠው ባዶው ጀርባ ላይ ሌላ ረቂቅ ጀመሩ። በቆየሁባቸው ሁለት ቀናት ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር ሁልጊዜ ያቋርጡኝ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ...» ስል፣ «እናትሽ ጉልበታቸው ተሻላቸው?» ይሉኛል። ሌላ ጊዜ ስጀምር ስለ ዝናቡ ይጠይቁኛል። ከሮቤ ተመልሰው አሰላ ማስተማር ከጀመሩ በኋላም እንዲሁ ነበር። አንዴም ዓረፍተ ነገሩን አስጨርሰውኝ አያውቁም።

ደርግ ከወደቀ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እኔ አዳማ ፕሮግራም በመጻፍ ስተዳደር፣ ያን ሥራ የምትሠራ ቃል የቋንቋው ደንብ ውስጥ ገባች። ስሟ እሳቸው ያወጡት አይደለም፤ የእሳቸው ወረቀት ይርዳ አይርዳም አላውቅም። ደንቡን አሳትሜ አሰላ ወሰድኩላቸው። ስማቸው አለመኖሩ አንገብግቦኝ ስለነበር እየተናደድኩ ነበር ያሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡትና፣ «እሰየው። የሚፈትነውን ግን አላስገቡትም» አሉ። በማግስቱ ክፍል ገብተው ተማሪዎቻቸውን የሚፈትነውን ክፍል እንዲሠሩ አዘዟቸው። ሁለት ተማሪዎች ሠርተው ጨረሱት፤ በቀብሩ ላይ የሬሣ ሣጥኑን ከተሸከሙት መካከል ነበሩ።

ከቀብሩ በማግስቱ የቀድሞ መሥሪያ ቤታችን መዛግብት ወደሚገኙበት ቢሮ ሄድኩ። የስህተቱ ባለቤት እኔ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ በጋሽ ኢሳያስ ማኅደር ውስጥ እንዲያያዝልኝ አመለከትኩ። የመዝገብ ቤቱ ወጣት፣ «እማማ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው ነገር ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። «ማኅተም ምታበት» አልኩት። ከኃላፊው ጋር ቀጠሮ የለዎትም አለኝ፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከምሳ በኋላ መታልኝ።

ጋሽ ኢሳያስ፣ የገባሁትን ቃል ጠብቄያለሁ። እርስዎ በሕይወት እያሉ ከአፌ አልወጣም፤ ለሰላማዊት እንኳ አልነገርኳትም፤ እሷም ከሌሎቹ አንባቢዎች ጋር ነው የምታነበው። እርስዎ የተሸከሙበት ጊዜ አለፈ፤ ከእንግዲህ የተሸካሚዋ እኔ ነኝ። ደህና ይሁኑ፣ መምህሬ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፤ ዛሬ አያቋርጡኝም።

ጋሼ፣ የለም ብዬ የዋሸሁዎት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።

ጥሩወርቅ ዘለቀ